የቀበቶው ቀዳዳ

ከትልቁ ፒያኖ ሆድ ሥር ሁለት እግሮች ወጥተው ይታያሉ። ጫማዎቹ ፊት እስኪያሳዩ ተወልውለዋል፤ ካልሲዎቹ ግን አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። የቀረው ሰውዬ ከውስጥ ነው፤ በጀርባው ተንጋሎ፣ ውፍረቱ አውራ ጣት የሚያክል የእንጨት ዘንግ በጥርሱ ነክሶ፣ የዘንጉን ሌላ ጫፍ ከፔዳሉ ማንሻ ጋር አጋጥሞ ተኝቷል። በሩ ላይ ቆሞ ለሚያይ፣ ፒያኖው ሰው ሲውጥ ቆይቶ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ የጠገበ ይመስላል።

«ልርገጥ?» አሉ የአዳራሹ ጠባቂ፣ አሮጌ ጫማቸውን በቀኙ ፔዳል ላይ አሳርፈው።

ሰውየው ዘንጉን ከአፉ አወጣ። «ይርገጡ አባባ። በሙሉ ክብደትዎ። እንደ ተናደደ ሰው።»

«በማን ልናደድ?»

ሽማግሌው ረገጡ፤ ወዲያውም ሎሚ እንደ መጠጠ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይኸው ጮኸ። አይጥ ጅራቷን በር ሲይዛት እንደዚህ ነው የምትለው። ሰማኸው አይደል?»

«ሰማሁት» አለ ከሥር ያለው ሰው።

አልሰማውም።

ይህን ሰው ከተማው የሚያውቀው ራዳር በሚል ስም ነው። ሌላም ስም ነበረው፤ እናቱ ያወጣችለት፣ መታወቂያው ላይ ያለ፣ ማንም የማይጠራው። በከተማው ካሉት ፒያኖዎች፣ አሥራ አራት ናቸው፣ እሱ ሲቆጥራቸው ግን መቶ አርባ፣ እጁ ያልገባበት ሆድ የለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ በመንገድ የምታልፍ ብስክሌት የኋላ ጎማዋ ሩብ ድምፅ እንደ ወረደ ሰምቶ ባለቤቷን አስቁሟል። አንድ ክረምት ትንኝ ጆሮው ሥር ስትዘፍን፣ ከመግደሉ በፊት ቃኝቷታል ይባላል። ይባላል የሚለው ራሱ ነው። በዚህ አዳራሽ ደግሞ የራሱን ሥርዓት ተክሏል፤ ኮንሰርት ከመጀመሩ በፊት ራዳር በፒያኖው ጎን ይቆማል፣ ተጫዋቹ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ረግጦ ቀና ብሎ ያየዋል፣ ራዳርም ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ በኋላ ነው ሙዚቃው የሚጀመረው። ሰው ሁሉ ከጥንት የወረደ ወግ ይመስለዋል። ራዳር ከፈጠረው ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

መጀመሪያ የሄዱት ወፎቹ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጧት፣ መስኮቱ ፊት ያለው ዛፍ ላይ ሦስት ወፎች አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ አየ፤ እንደሚያዛጉ። ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ፉጨት ሄደ። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ውሃው አልቆ፣ ማንቆርቆሪያው ቀልቶ፣ እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ሲያነብ አገኘችው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል» አለችው። «ያንተስ ጭራሽ አገር ለቆ ሄደ።»

«እያሰብኩ ነበር» አላት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ያስባል። የመካከለኞቹንና የወፍራሞቹን ድምፆች እንደ ድሮው ይቃኛል፤ ከላይ ያሉትን ቀጫጭኖቹን ግን ኮቱ ኪስ ውስጥ በደበቃት ትንሽ የድምፅ መለኪያ ይሰርቃል። ሌላውን ከሰው ፊት ላይ ያነብባል። ሰው ክፉ ድምፅ ሲሰማ ቅንድቡ እንዴት እንደሚነሣ፣ ከንፈሩ በየትኛው ወገን እንደሚጣመም፣ በዚህ ዕውቀት ዛሬ በምድር ላይ የሚስተካከለው የለም። ይህኛው ብቻ ጉራ አይደለም። በእውነትም የለም።

ያ ዕውቀት ነው ማክሰኞ ዕለት ጉድ የሠራው።

አዳራሹ ያለበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት አንጋፋ መምህርት አርባ ዓመት አስተምረው ሊሰናበቱ፣ ቅዳሜ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ ሊጫወቱ ነበር። የቀኙ ፔዳል ይጮኻል ብለው ራዳርን ያስጠሩትም እሳቸው ናቸው። ራዳር ሲሠራ ማየት ሰርከስ ስለሆነ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ዳይሬክተሩም ሳይቀር ሃያ የሚሆን ሰው ዙሪያውን ከበበ። መምህርቷ ተቀምጠው ረገጡ፤ ሃያ ጥንድ ቅንድብ ተነሣ። ራዳር ከሥር ገብቶ ፔዳሉን በእጁ ቀስ አድርጎ ተጫነና የዳይሬክተሩን ፊት አየ። ቅንድቡ ከቦታው አልተነቃነቀም። ደገመ። ምንም። መምህርቷ ሲረግጡ ግን ሃያውም ተነሣ።

ሥራውን ያስተማረው ሟቹ ሽማግሌ አንድ ሕግ ነበረው፤ «ከመፍረድህ በፊት እግር ቀይር።» ሌላ ሰው አስረግጥ ማለቱ ነው። እጅና እግር አንድ ዓይነት ክብደት የላቸውም፤ በእጅ ሲነኩት ዝም የሚል ፔዳል በጫማ ሲረግጡት ጉዱን ያወጣል። ይህን የአንድ ወር ጀማሪ ያውቀዋል። ነገር ግን ሃያ ሰው ፊት «እስቲ አንተ ና ርገጥ» ማለት አላወቅሁም ማለት ነው፤ ራዳር ደግሞ እግር የሚቀይር ሰው አይደለም። መምህርቷ አምና ከደረጃ ወድቀው ቀኝ ጉልበታቸው የብረት ድጋፍ ታስሮለት ነበር። ራዳር ተነሣ፤ እጁን በመሐረብ እየጠረገ፣ ሰው ሁሉ ዝም እስኪል ጠበቀ።

«ፒያኖው ከእኔና ከእናንተ የተሻለ ጤነኛ ነው» አለ። «ዘይት የሚያስፈልገው የእትዬ ጉልበት ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷም ሳቁ፤ እንዲያውም ከሁሉ ቀድመው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቀሚሳቸውን በብረቱ ላይ ሳብ አደረጉት። ያንን ራዳር አየ። ዓይኑ ደኅና ነው።

በማግስቱ አልጫወትም፣ ተማሪዬ ትተካኝ ብለው ለዳይሬክተሩ ጻፉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተማሪይቱ፣ ሁለት ጤነኛ ጉልበት ያላት የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ ልትለማመድ ተቀመጠች። ማታ ዳይሬክተሩ ስልክ ደወለ።

«ስማ ራዳር» አለው። «የልጅቷም ጉልበት ዘይት ይፈልጋል?»

ስለዚህ ዛሬ ቅዳሜ፣ ጧት በሦስት ሰዓት፣ ካልሲውን ሳያመሳስል መጥቶ እዚህ ተኝቷል። ዘንጉን መልሶ ነከሰ። ጆሮ ከከዳ ጥርስ አለ፤ እንጨት የሚንቀጠቀጠውን ሁሉ ወደ መንጋጋ ያመጣል። መጀመሪያ ከፔዳሉ በታች ያለውን ሽቦ ነካ፤ ጠባቂው ረገጡ፤ ጥርሱ ምንም አላለውም። ፔዳሉ የሚዞርበትን ብረት ነካ። ምንም። ወደ ላይ የሚወጣውን የፔዳሉን ረጅም ዘንግ ከታች ነካው። ጸጥ። ከዚያ ወደ ላይ እየተሳበ፣ የዘንጉ አናት ትልቁን ማንሻ ከሚገፋበት መጋጠሚያ ላይ እንጨቱን አሳረፈ።

«ይርገጡ አባባ።»

ከፊት ጥርሱ ተነሥቶ እስከ ማጅራቱ፣ በረዶ እንደ ነከሰ ሰው፣ አንድ ቀጭን ንዝረት ሄደበት። ድምፅ አልነበረውም። ግን እሱ ነበር።

ብሎኑን ፈታ፤ ማንሻውን በክርኑ ደግፎ በሁለት ጣቱ ከመሐል የተጣበቀውን ቆዳ ፈልቅቆ አወጣ። በዚያ ቦታ ለስላሳ ወፍራም ቆዳ ነው የሚቀመጠው። በእጁ የገባው ግን ጥቁር፣ ደረቅ፣ እንደ ቆርቆሮ የሚያብለጨልጭ ቁራጭ ነበር። ወደ ብርሃኑ ሲያዞረው መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አየ፤ በቀዳዳው ዙሪያ የዘለበት ዝገት።

ገና በጣቱ ሳለ አወቀው።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ ኮንሰርት ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ያ ቆዳ ተቀደደ፤ ራዳርም የራሱን ቀበቶ ፈትቶ፣ ቆርጦ ሞላበት። ይህን ታሪክ ያልሰማ ሰው በከተማው የለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሰማም ጥቂት ነው። እየተነገረ ሲሄድ ቀበቶው የአዞ ቆዳ ሆነ፤ ግማሹ ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሆነ፤ ራዳር ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ብሎን ሲያጠብቅ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ሙዚቀኛ ተንበርክኮ ግንባሩን ሳመው። በዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር ገብታ አታውቅም፤ ያኔ ለዳይሬክተሩ «ለዛሬ ብቻ ነው፣ ነገ እቀይረዋለሁ» ማለቱ።

«አገኘኸው?» አሉ ጠባቂው።

«አገኘሁት።»

«ምንድነው?»

ቁራጩን በጭብጡ ውስጥ ደበቀ። «ቆዳ ነው» አለ። ከቦርሳው ትክክለኛውን ለስላሳ ቆዳ አውጥቶ ለካ፣ ቆረጠ፣ አጣበቀ፣ ፓውደር ነሰነሰበት፣ ብሎኑን መለሰ። ሽማግሌው ስድስት ጊዜ ረገጡ፤ ቀስ ብለው፣ በኃይል፣ እንደ ተናደደ ሰው፣ እንደ ታረቀ ሰው።

«ዝም አለ» አሉ። «አሁን የሚጮኸው የኔው ጉልበት ነው።»

እሳቸው ቀልዳቸውን ነው። ራዳር ግን ከፒያኖው ሥር ሲወጣ ፊቱ እስከ ጆሮው ጫፍ ቀልቶ ነበር።

ዳይሬክተሩ የፕሮግራም ወረቀቶች ታቅፎ መጣ። ሌባ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እየሰማ ራሱ ረገጠና ፊቱ በራ። «ምን ሆኖ ነው ለመሆኑ?» ብሎ ጠየቀ፤ መልስ ሳይጠብቅም ራሱ ቀጠለ። «የአየር ጠባይ ነው እንበል። እርጥበት። እርጥበት ማንንም አያስቀይምም። ለእትዬ አበባ አዝዣለሁ፣ መድረክ ላይ አስታቅፋቸዋለሁ፤ ያለፈው አለፈ።»

ዝናብ ከዘነበ ሁለት ወር ሆኖታል።

«አዎ» የሚል ድምፅ ራዳር ሰማ። «እርጥበት ነው። እንጨት ክፉ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ አይነግርህም።» የገዛ አፉ ነበር። ሳያማክረው ነው የተናገረው፤ ምሳሌውን ጭምር ጨምሮ።

ከአዳራሹ ወጥቶ ሁለት መንገድ ተሻገረ። የት እንደሚሄድ ለራሱ አልነገረውም። በሱሪ ኪሱ ውስጥ ቀዳዳውን በትንሽ ጣቱ ጫፍ እየነካካ፣ የመምህርቷ በር ላይ ሲደርስ ብቻ ቆመ። ላንኳኳ ወይስ ልመለስ እያለ በሩ ተከፈተ፤ መስኮቱ ላይ ቆመው አይተውታል።

«ግባ። ጫማህን አታውልቅ፣ ወለሉ ዘይት ነው።»

ቤቱ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ፣ በጋዜጣው ላይ የብረት ድጋፉ እንደ ታረደ ነገር ተዘርግቷል፤ ከጎኑ ትንሽ የዘይት ጠርሙስና የጠቆረ ጥጥ። መምህርቷ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ የፔዳሉ ነገር» አለ ራዳር፣ «እርጥበት ሆኖ ነው…»

«መጀመሪያ ቁጭ በል። ቆመህ ስታወራ አንገቴን ያመኛል።»

ቁጭ አለ። ዓይኑን ከጠርሙሱ ላይ ማንሣት አልቻለም፤ እሳቸውም የት እንደሚያይ አዩ።

«ከማክሰኞ ጀምሮ እቀባዋለሁ» አሉ። «በቀን ሦስት ጊዜ። መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ሬዲዮኑን አጠፋለሁ፣ ከግድግዳ ግድግዳ እራመዳለሁ። አንድም ቀን ሲጮኽ አልሰማሁትም።»

«እትዬ…»

«ቆይ። ማክሰኞ ድምፁን ሰምቼዋለሁ። የሰማሁት ግን ከእንጨቱ ነው። ይማሉ ቢሉኝ እምል ነበር። አንተ ከጉልበቴ ነው አልክ። እንግዲህ አንተ ከተሳሳትክ ማን ሊያውቅ ነው?» ጥጡን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። «ብረቱ አይደለም ያሳፈረኝ፤ ብረቱን ለምጄዋለሁ። የገዛ አጥንቷን ድምፅ ከእንጨት መለየት ያቃታት ሴት ሰው ፊት ቁጭ ብላ ምን ትጫወታለች? ጆሮዬ ሄዷል አልኩ። አርባ ዓመት በሱ በልቼበታለሁ፣ ሲሄድ ደግሞ በክብር ልሸኘው።»

ራዳር በሕይወቱ ብዙ ነገር አጋንኗል፤ ሩቡን ሙሉ፣ ትንኟን አሞራ አድርጓል። አሁን ግን በዚህች ዘይት በምትሸት ክፍል ውስጥ፣ እሱ ራሱ ወንበሩ ላይ እያነሰ፣ እያነሰ ሲሄድ ተሰማው፤ እግሩ ወለሉን የማይነካ እስኪመስለው። የራሱን በሽታ ወስዶ እኚህን ሴት አሳቅፏቸዋል። እሳቸውም አምነውት አራት ቀን ሲያስታምሙለት ኖረዋል።

እጁን ከኪሱ አውጥቶ የቀበቶውን ቁራጭ ጋዜጣው ላይ አኖረው።

«ከእንጨቱ ነው» አለ። «ልክ ነው የሰሙት። ይኼ ነበር የሚጮኸው።»

መምህርቷ አንሥተው ገለበጡት። ቀዳዳውን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ያ የአዞው?»

«አዞ አይደለም። መንገድ ዳር የገዛሁት ነው።»

«ታዲያ ማክሰኞ ምን ሰምተህ ጉልበቴ ነው አልክ?»

«ምንም» አለ። «ምንም አልሰማሁም እትዬ። የሰዉን ቅንድብ ነው ያየሁት። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቀጭን ድምፅ ይሸሸኛል።»

ከውጭ የሆነ ነገር ተሰምቶ መሆን አለበት፤ መምህርቷ ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። እሱ ምን እንደሆነ አላወቀም፤ አልጠየቀምም።

«ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም። ሚስቴ ታውቃለች። እሷም እኔ ስለነገርኳት አይደለም።»

ስድብ ጠበቀ። ስድብ ቢመጣለት ደግ ነበር፤ ስድብን መመለስ ያውቅበታል። መምህርቷ ግን ብረቱን ከጋዜጣው ላይ አነሡ፣ በጨርቅ ጠረጉት፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ማጥበቅ ጀመሩ። አራተኛው ማሰሪያ ላይ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ማክሰኞ ሃያ ሰው ነበር።»

«አዎ።»

«ዛሬ ሁለት መቶ ይመጣል» አሉ። «የመጀመሪያውን እኔ እጫወታለሁ። ልጅቷ ሁለተኛውን ትጫወት፤ ልፋቷ በከንቱ አይቅር።» ሌላ ነገር አልጨመሩም። የቀበቶውን ቁራጭ መልሰው በመዳፉ ላይ አኖሩለት።

አሥር ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ሞልቶ፣ ወንበር ያጡት በግድግዳው ተደርድረው ነበር። የራዳር ሚስት ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ማክሰኞ የሳቁት ሃያዎቹም አሉ፤ ራዳር አንድ በአንድ ለያቸው። ዳይሬክተሩ አበባውን ታቅፎ ስለ አርባ ዓመት ተናገረ፣ ስለ እርጥበትም ትንሽ ተናገረ። ሰው ለስለስ ብሎ ሳቀ።

መምህርቷ ገቡ። ቀሚሳቸው ዛሬ አጠር ያለ ነው፤ ብረቱ ከመድረኩ መብራት ሥር ራቁቱን ያበራል። ተቀመጡ፤ ወንበሩን አስጠጉ። ቀኝ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አሳረፉና ገና ሳይረግጡ፣ ከወጉ ቀድመው፣ ቀና ብለው ራዳርን አዩት።

ራሱ በዘጠኝ ዓመት ልማድ ሊነቀነቅ ዝቅ ማለት ጀምሮ ነበር። አንገቱን እንደ ግትር በሬ አጠንክሮ አቆመው።

«አንድ ነገር አለ» ሲል ሰዉ ወደ እሱ ዞረ። ከኋላ አንድ ሰው ቀልድ ሊመጣ ነው ብሎ ከወዲሁ ፈገግ አለ። «እርጥበት አይደለም። የእትዬም ጉልበት አልነበረም። ማክሰኞ ያን ያልኩት ዋሽቼ ነው። የሚጮኸው እኔ ከስምንት ዓመት በፊት ያስገባሁት የቀበቶ ቁራጭ ነበር። ጩኸቱን አልሰማሁትም። እንዲህ ያለውን ድምፅ መስማት ካቆምኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ዛሬ እኔ ራሴን መነቅነቅ አልችልም። የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።»

የኋለኛው ሰው ሳቀ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቋረጠው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሚስቱ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨበጠች። ዳይሬክተሩ አበባውን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆሟል።

መምህርቷ ዓይናቸውን ከራዳር ላይ አላነሡም። ከዚያ ትከሻቸው ትንሽ ወደ ፊት ዘመመ፤ ሊረግጡ ነው።

ፊት ለፊቱ ሁለት መቶ ጥንድ ቅንድብ ነበረ፤ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ። ራዳር ጀርባውን ሰጣቸው። መዳፉን በጥቁሩ እንጨት ላይ ዘረጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ፔዳሉ በሙሉ ክብደት ሲወርድ፣ ድምፅ የሚያቆሙት ማፈኛዎችም ከአውታሮቹ ላይ አንድ ላይ ሲነሡ፣ የሆነ ትልቅ ነገር ትንፋሹን እንደሚስብ በመዳፉ ተሰማው። ሌላ የሰማው ነገር የለም። ዓይኑን ሳይገልጥ ቆየ።